ፓውል ኤርሊክ፦ የማይስተውን ጥይት የፈለገው ሐኪም



በየዓመቱ በመጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፣ አርበኞችና ደራስያን ናቸው፤ ይህም የተገባ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ዕድሉ ሲሰጠኝ፣ ጦር ሜዳ ሳይውል ዕድሜውን ሙሉ ስለ ጥይት ሲያስብ ስለ ኖረ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ልጽፍ ወደድሁ። ስሙ ፓውል ኤርሊክ ይባላል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የፍኖተ ሰላምንም ሆነ የቡሬን ስም ሳይሰማ እንዳለፈ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የእርሱ አሳብ ከእኛ ቤተ ሰብ አንዱን ከሞት አድኖልናል። ስለዚህ ወደ ጀርመን አገር ከመሄዴ በፊት ነገሩን ከእኛው ቀዬ ልጀምር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ በቆሎና በርበሬ እያረሱ ይኖራሉ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት አንደኛው በሬያቸው ሞተባቸው፤ በዚያ ላይ የማዳበሪያ ዕዳ ነበረባቸው። ስለዚህ እንደ ብዙው የጎጃም ሰው ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ በነሐሴ ወር ወደ መተማ ቆላ ወረዱ። ቀን ሲሠሩ ይውላሉ፤ ሌሊት ከጓደኞቻቸው ጋር በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ፣ በግራር ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድራሉ። ኅዳር 2011 ላይ የበሬውን መግዣ በወገባቸው ቋጥረው በደኅና ተመለሱ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

በየካቲት ግን ትኩሳት ያዛቸው። በመጀመሪያ የታዩበት ቦታ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው። ጥቂት ቀን ቀለል ካላቸው በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ጣላቸው። ለሁለተኛ ጊዜም ወባ ነው ተባለ። እናቴ ጠበል ወሰደቻቸው። ሰውነታቸው እየከሳ ሄደ፤ ሆዳቸው ግን እያበጠ መጣ፤ በግራ ጎናቸው ጣፊያቸው ጠጥሮ በእጅ ይዳሰስ ነበር። የበሬውም ገንዘብ በመድኃኒትና በመጓጓዣ አለቀ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ባለፈው መኸር የት እንደ ከረሙ ጠየቀቻቸው። መተማ መሆናቸውን በሰማች ጊዜ ሳትውል ሳታድር ወደ ጎንደር እንዲሄዱ ጻፈችላቸው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመርምረው በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

ካላዛር ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። አጎቴ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ስለ ነበረና እጅግ ስለ ደከሙ፣ ሐኪሞቹ ለሌሎች ሕሙማን የሚሰጠውን መርፌ ትተው በደም ሥር የሚንጠባጠብ ቢጫ መድኃኒት ስድስት ጊዜ ሰጧቸው። በዚያን ጊዜ የሚያስታምማቸው ልጃቸው ይህ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው ብሎ ጠየቀ። ነርሱም መድኃኒቱ በዓይን በማይታይ በስብ ከረጢት ታሽጎ የመጣ መሆኑንና በሽታው ወደ ተደበቀበት ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት እንደሚደርስ ነገረው። አጎቴ ድነው በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ እኔ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከዘመድ ሁሉ መካከል ትምህርት ቤት የሚሄደው እኔ ነኝና ጥያቄያቸውን ለእኔ አቀረቡ፤ በክንድ የገባ መድኃኒት ወደ ጣፊያ የሚወስደውን መንገድ በምን ያውቃል አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አፈርሁ። ያ ጥያቄ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ዘንድሮ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራኖቻችን ባዋሱኝ መጻሕፍት መልሱን ስከተል፣ የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ያገኘሁት ሰው ፓውል ኤርሊክ ነው።

ኤርሊክ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 14 ቀን 1854 ነው። ይህም ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከመጫናቸው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የተወለደባት ሽትሬለን የምትባል ትንሽ ከተማ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ፤ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበረው። የእናቱ ዘመድ የሆነ ካርል ቫይገርት የሚባል፣ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት የሚበልጠው ሐኪም ነበረ። ቫይገርት ባክቴሪያን በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ለማየት ከቻሉት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ነው። ልጁ ፓውልም ገና በተማሪነቱ በዚህ ዘመዱ ቤት ቀለምንና ማይክሮስኮፕን አየ፤ ካየም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከቀለም አልተለየም።

በትምህርት ቤት ፓውል ኤርሊክ ከሁሉ የበለጠ ተማሪ አልነበረም፤ ፈተናም ይጠላ ነበር። ይህን የምጽፈው ለሰነፎች ማመካኛ እንዲሆን አይደለም፤ የሚወድደውን ነገር ሲያገኝ ማንም አይደርስበትም ነበርና። በብሬስላው፣ በሽትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ተማረ። ሌሎች ተማሪዎች ንግግር ሲሰሙ እርሱ ጠረጴዛው በቀይ፣ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ቀለም እስኪጨማለቅ ድረስ ቀጫጭን የሥጋ ቁራጮችን ሲነክር ይውል ነበር። በ1878 በላይፕሲግ የዶክተርነት ማዕረግ ያገኘበትም ጽሑፍ ስለዚሁ ስለ ማቅለም ነበረ።

በዚያ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ብዙ ዓይነት አዳዲስ የልብስ ቀለም ያወጡ ነበር። ኤርሊክ በእነዚህ ቀለሞች ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። አንዱ ቀለም ከአንዱ ሕዋስ ጋር ይጣበቃል፤ ሌላውን ግን ሳይነካው ያልፋል። እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። የጥጥ ፈትልና የበግ ጠጉር በአንድ ቀለም ቢነከሩ እኩል እንደማይዙ፣ አንዱ ደምቆ ሌላው በውኃ ሲታጠብ እንደሚለቅ እናቶቻችን ያውቁታል። ኤርሊክ ግን ከዚህ ተነሥቶ ራቅ ያለ ነገር አሰበ። ቀለም ከሺህ ሕዋሳት መካከል የራሱን ለይቶ የሚይዝ ከሆነ፣ መርዝም እንደዚሁ የበሽታውን ተሐዋስያን ብቻ ለይቶ ሊይዝ ለምን አይችልም? የሕይወቱ ሥራ በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነበረ።

ዶክተር ከሆነ በኋላ በርሊን ከተማ ሻሪቴ በሚባለው ታላቅ ሆስፒታል ተቀጠረ። እዚያም ነጭ የደም ሕዋሳትን በሚይዙት ቀለም ለያይቶ በየስማቸው መደባቸው፤ ዛሬም በሆስፒታል ደማችን ሲመረመር የሚሠራበት አከፋፈል ከዚያ የመነጨ ነው። መጋቢት 24 ቀን 1882፣ ይኸውም ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ከነገሡ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ኤርሊክ ከአድማጮቹ መካከል ነበረ። በዚያው ሌሊት ወደ ቤተ ሙከራው ሄዶ ባክቴሪያውን በተሻለ መንገድ ለማቅለም ይሞክር ጀመር። እንደሚተረከው፣ የቀለሙትን መስታወቶች እንዲደርቁ በቀዘቀዘ ምድጃ ላይ ትቷቸው ሳለ ሌላ ሰው ሳያውቅ እሳት አነደደበት፤ ኤርሊክ ደንግጦ ቢያያቸው ሙቀቱ ቀለሙን አጥብቆት ባክቴሪያዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ደምቀው ታዩት። ከዚያ የመነጨው ዘዴ በሌሎች ሰዎች ተሻሽሎ፣ የቲቢ ሕመምተኛ አክታ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህን ሥራ ከሠራ ከስድስት ዓመት በኋላ ኤርሊክ የራሱን አክታ መረመረ፤ ባክቴሪያውንም በዚያ አገኘው። በሽታውን ለሰው እንዲታይ ያደረገው ሰው በራሱ ላይ አየው ማለት ነው። በ1883 ያገባት ሚስቱ ሄድቪግና ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ነበሩት። ደረቅ አየር ይሻለዋል ተብሎ ከባለቤቱ ጋር ወደ ግብፅ ሄደ፤ የእኛው ዓባይ በሚደርስበት አገር ዕረፍት አድርጎ ተሻለውና ወደ በርሊን ተመለሰ። ሲመለስ ግን ሥራ አልነበረውም፤ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ራሱ ባቋቋማት ቤተ ሙከራ ይሠራ ጀመር። ኋላ ኮክ በራሱ ተቋም ውስጥ ቦታ ሰጠው።

በ1891 ኤርሊክ ከባልደረባው ከፓውል ጉትማን ጋር ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ለሁለት የወባ ሕሙማን ሰጠ። ቀለሙ የወባን ተሐዋስያን በመስታወት ላይ ደኅና አድርጎ እንደሚይዝ ያውቅ ነበርና፣ በሰው ደም ውስጥም ይይዛቸው እንደ ሆነ ለማየት ነው። ሁለቱም ሕሙማን ተሻላቸው። በብር ሸለቆና በቆላው ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባናል። በፋብሪካ የተሠራ ቀለም በሽታን ሲያድን የታየው በወባ ላይ ነበርና።

ቀጥሎ ኤርሊክ ሕፃናትን ጉሮሯቸውን አንቆ ይፈጅ በነበረው ዘጊ አነዳ ወይም ዲፍቴሪያ በተባለው በሽታ ላይ ሠራ። ኤሚል ፎን ቤሪንግ የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ የደም ውኃ ከእንስሳት አግኝቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኃይሉ አንድ ቀን ይበረታ፣ አንድ ቀን ይደክም ነበር። ኤርሊክ ኃይሉ በትክክል የሚለካበትን ዘዴ አወጣ፤ ከዚህም በኋላ መድኃኒቱ በልበ ሙሉነት ለሕፃናት የሚሰጥ ሆነ። ሀብቱና ዝናው ግን በብዛት ለቤሪንግ ሆነ፤ በዚህም የሁለቱ ወዳጅነት ቀዘቀዘ። የአድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1896 ዓመት መንግሥት በበርሊን አጠገብ በሽቴግሊትስ የደም ውኃ መመርመሪያ ተቋም ከፍቶ ኤርሊክን ሾመው፤ በ1899 ተቋሙ ተስፋፍቶ ወደ ፍራንክፈርት ተዛወረ። በ1906 ደግሞ ፍራንሲስካ ሽፓየር የምትባል የአንድ ባንክ ባለቤት መበለት በባሏ መታሰቢያ ገንዘብ ሰጥታ ሁለተኛ የምርምር ቤት ተሠራለት።

የዚህ ሰው ጠባይ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነበር። የሲጋራ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ ይዞራል፤ በቀን እስከ 25 ትልልቅ ሲጋራ ያጨስ ነበር ይባላል፤ ይህን አንከተለው! የጽሕፈት ክፍሉ ወንበሩም፣ መስኮቱም፣ ወለሉም በመጻሕፍትና በወረቀት ስለ ተሞላ እንግዳ መቀመጫ አያገኝም። ለረዳቶቹ በየቀኑ የሚሠሩትን በልዩ ልዩ ቀለም ወረቀቶች ላይ ጽፎ ያድል ነበር። አሳብ ሲመጣለት ደግሞ ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ፣ በገበታ ልብስ ላይ እንኳ ሳይቀር የኬሚስትሪ ሥዕል ይሥል ነበር። ማታ ሲደክመው የሚያነብበው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነበር።

በ1908 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱን የተካፈለው ኢልያ ሜችኒኮፍ ከተባለ የሩስያ ተወላጅ ጋር ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአሳብ ተቃራኒ ነበሩ። ኤርሊክ ሰውነት የሚከላከለው በደም ውስጥ በሚሟሟ፣ መርዙን ቁልፍ በቁልፍ ጉድጓድ እንደሚገባ ገጥሞ በሚይዝ ነገር ነው ይላል። ሜችኒኮፍ ግን ተሐዋስያንን እየዋጡ የሚያጠፉ ሕዋሳት መኖራቸውን አግኝቶ ነበርና መከላከያው እነርሱ ናቸው ይላል። ኋላ ሁለቱም እውነት እንደ ያዙ ታወቀ። አንባቢ ይህን የሜችኒኮፍን ዋጪ ሕዋስ እንዳይረሳው እለምናለሁ፤ በመጨረሻ አጎቴ ጣፊያ ውስጥ እናገኘዋለንና።

አሁን ወደ ጥይቱ ነገር ደረስን። በጀርመኖች ተረት ውስጥ አንድ አዳኝ ምንም ቢተኩስ ዒላማውን የማይስት የአስማት ጥይት ያገኛል። ኤርሊክ የሚፈልገውን መድኃኒት በዚህ ጥይት ይመስለው ነበር። ወደ ሕመምተኛው ሰውነት ሲገባ ጤናማውን ሥጋ ሳይነካ ተሐዋስያኑን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ማለቱ ነው። ጥሩ ተኳሽ በሚከበርበት በጎጃም ይህን ምሳሌ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በሰው መካከል የቆመ ሽፍታን የሚመታ ሰው፣ ዓይኑ የጠራ ካልሆነ ባይተኩስ ይሻላል።

በመጀመሪያ በ1904 ከጃፓናዊው ከኪዮሺ ሺጋ ጋር ትሪፓን ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም አገኘ። ይህም በአይጥ ላይ ትሪፓኖሶም የሚባሉትን ተሐዋስያን ገደለ፤ በቆላ ከብቶቻችንን ገንዲ የሚያስይዙት የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። ቀጥሎ አርሰኒክ ያለበትን አቶክሲል የተባለ መድኃኒት ያዘ። አቶክሲል ተሐዋስያኑን ይገድል ነበር፤ ነገር ግን የዓይንን ነርቭ ይጎዳ ስለ ነበር በአፍሪቃ የእንቅልፍ በሽታ ሕሙማን ላይ ሲሞከር አንዳንዶቹን አሳወረ። ጥይቱ ዒላማውን መትቶ በጎን የቆመውንም ይመታ ነበር ማለት ነው። ኤርሊክና ኬሚስቱ አልፍሬድ በርትሃይም በ1907 የአቶክሲልን እውነተኛ አሠራር አወቁ፤ ከዚያ በኋላ መርዝነቱን ለመቀነስ፣ ኃይሉንም ለመጨመር እዚህ እየቀነሱ እዚያ እየቀጠሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሁዶችን ሠሩ። ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጡት።

ቁጥር 606 በ1907 ተሠርቶ ነበር፤ የመረመረው ረዳት ግን አይረባም ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። በ1909 የጸደይ ወራት ሳሃቺሮ ሃታ የሚባል ትጉህ ጃፓናዊ ከቶክዮ መጣ። ይህ ሰው ጥንቸሎችን በቂጥኝ በሽታ ይዞ ማጥናት ያውቅ ነበር። ኤርሊክ የተጣሉትን ሁሉ እንደ ገና አንድ በአንድ እንዲመረምር አዘዘው። ሃታ 606ን ሲሞክር የጥንቸሎቹ ቁስል ደረቀ፤ ተሐዋስያኑም ጠፉ። እኛ የላብ ሥራ ስንሠራ ውጤቱን ሳናይ ከጓደኛ ደብተር የምንገለብጥ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ማሰብ አለብን፤ በአንድ ሰው ቸልተኝነት ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበርና።

ቂጥኝ በዚያን ጊዜ ዓለምን ያስጨነቀ በሽታ ነበር፤ በአገራችንም ብዙ ቤት አፍርሷል። በሚያዝያ 1910 ኤርሊክና ሃታ በቪስባደን ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ውጤቱን አስታወቁ። ከየአገሩ የመድኃኒት ልመና ጎረፈ። ኤርሊክ ግን ለሽያጭ አልቸኮለም፤ ወደ 65 ሺህ የሚጠጋ ልክ መድኃኒት ለሐኪሞች በነጻ አድሎ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁኔታ ጽፈው እንዲመልሱለት አደረገ። ከዚያ በኋላ ሳልቫርሳን በሚል ስም ለገበያ ወጣ።

ችግሩ ያን ጊዜ ተገለጠ። ዱቄቱ አየር ሲነካው ይበላሽና ይመርዛል፤ ስለዚህ አየር በሌለበት የመስታወት ብልቃጥ ታሽጎ ይላካል። ሐኪሙ ራሱ በንጹሕ ውኃ በትክክል አሟሙቶ መውጋት አለበት፤ ጥቂት ከተሳሳተ ሕመምተኛው ይጎዳል፤ የሞቱም ነበሩ። በ1912 ለማሟሟት የሚቀልል ቁጥር 914 የተባለ ሌላ መድኃኒት አወጣ። ሆኖም ጠላቶቹ በጋዜጣ ስሙን አጠፉት፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1914 ስሙን ያጠፋው ሰው ተፈረደበት። በዚህ ሁሉ ኤርሊክ አንድ ከባድ ትምህርት ተማረ፤ ለእኛም ትምህርት ነው። መድኃኒትን ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ መድኃኒቱን በደኅና ወደሚፈለግበት ቦታ ማድረስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ኤርሊክ ነሐሴ 20 ቀን 1915፣ አውሮፓ በጦርነት በምትነድበት ጊዜ፣ በ61 ዓመቱ ባድ ሆምቡርግ በምትባል ከተማ ዐረፈ። በፍራንክፈርት በአይሁድ መቃብር ተቀበረ። በስሙ አንድ መንገድ ተሰይሞለት ነበር፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ ነው ብለው ስሙን አነሡት። መበለቲቱ ሄድቪግም በስተርጅና አገሯን ለቅቃ ተሰደደች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ክብሩ ተመለሰ፤ በጀርመን የክትባትና የደም ውኃ መድኃኒቶች የሚመረመሩበት ተቋም በስሙ ይጠራል፤ ዩሮ ከመምጣቱም በፊት ሥዕሉ በ200 ማርክ ኖት ላይ ታትሞ ነበር። ሳልቫርሳንን በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ተካው። አሳቡ ግን አልተተካም።

እንግዲህ የአጎቴን ጥያቄ ልመልስ። ኤርሊክ ራሱ መድኃኒቱ ዒላማውን ፈልጎ የሚይዝ እንዲሆን ደክሟል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ መንገድ አሰቡ። መድኃኒቱ ራሱ መንገድ የማያውቅ ከሆነ፣ መንገድ በሚያውቅ ነገር ውስጥ ቢጫንስ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሌክ ባንጋም የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ አንዳንድ ስቦች ውኃ ሲነካቸው በራሳቸው ተጠቅልለው ባዶ ከረጢት እንደሚሆኑ አየ፤ ይህ ከረጢት ሊፖዞም ተባለ። በዚያው ዘመን መገባደጃ በዙሪክ ፔተር ሽፓይዘር ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መድኃኒት የሚሸከሙ ደቃቅ እንክብሎችን ይሠራ ጀመር። እነዚህ ነገሮች የሚለኩት በናኖሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ስለ ሆነ፣ 100 ናኖሜትር የሆኑ ከረጢቶች 10 ሺህ ተሰልፈው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ይሞላሉ። በ2020 ከወጡት የኮቪድ ክትባቶች አንዳንዶቹም በእንዲህ ያለ የስብ ቅንጣት የታሸጉ ናቸው።

አጎቴን ያዳነው መድኃኒት አምፎቴሪሲን ይባላል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በደቡብ አሜሪካ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከተገኘ አፈር ውስጥ ካለ ተሐዋሲ የተገኘ ነው። ብቻውን ሲሰጥ ያንቀጠቅጣል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ልክ እንደ አቶክሲል በጎን የቆመውን ይመታል። ስለዚህ ከ100 ናኖሜትር በሚያንስ ሊፖዞም የስብ ቆዳ ውስጥ ሰክተው ሠሩት። የካላዛርን ተሐዋሲ ሌይሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች በ1903 አሳውቀውት ነበር። የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ስትነክስ ታስገባዋለች፤ እርሱም በደም ውስጥ አይንሳፈፍም። የሚገባው በሜችኒኮፍ ዋጪ ሕዋሳት ውስጥ ነው። እነርሱ ሊያጠፉት ይውጡታል፤ እርሱ ግን ሳይሞት በሆዳቸው ይራባል። ዘበኛውን መኖሪያ ቤት ያደረገ ሌባ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ስለሚበዙ ጣፊያ ያብጣል።

ሊፖዞሙ በደም ሥር ሲገባ እነዚሁ ዋጪ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ነገር አይተው ይውጡታል፤ ሲውጡትም መድኃኒቱን ሌባው ወደ ተደበቀበት ቤት በገዛ እጃቸው ያስገቡታል። እንግዲህ መድኃኒቱ መንገድ አያውቅም፤ መንገዱን የሚያውቀው የሚውጠው ሕዋስ ነው። በ1908 አንድ ሽልማት የተካፈሉት ሁለቱ ተቃራኒዎች፣ የኤርሊክ ጥይትና የሜችኒኮፍ ዋጪ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንድ የጎጃም ገበሬ ጣፊያ ውስጥ ተባብረው ሠሩ።

አጎቴ በዚያን ጊዜ 48 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ለእያንዳንዱ ኪሎ በጠቅላላው 30 ሚሊግራም ቢታሰብ 1440 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም በስድስት ሲካፈል በአንድ ጊዜ 240 ሚሊግራም፣ ማለት ባለ 50 ሚሊግራም አምስት ብልቃጥ ያህል ነው። ይህ መድኃኒት ውድ ነው። ጊሊያድ የተባለው ኩባንያ በ2011 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ባደረገው ስምምነት በልገሳ ባይሰጥ ኖሮ፣ በሬ የሞተበት ገበሬ ሊገዛው አይችልም ነበር። ለሌሎች ሕሙማን የሚሰጠው መርፌ ደግሞ አንቲሞኒ ያለበት ነው። በኬሚስትሪ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ብትመለከቱ፣ አንቲሞኒ ከኤርሊክ አርሰኒክ በታች በአንድ ዓምድ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። መድኃኒትም እንደ ሰው የትውልድ ሐረግ አለው።

ጓደኞቼ ሆይ! ይህን ታሪክ የጻፍሁት ፈተና ካለፈ በኋላ ከእኛ መካከል አንዳንዶች ወደ መተማ ለመውረድ እንዳሰባችሁ ስለማውቅ ነው። የሚያስወርዳችሁን ችግር ስለማውቅ አትሂዱ አልልም። ነገር ግን አጎበር ሳትይዙ አትሂዱ፤ ሌሊት በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ አትተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወባ ነው ቢባልም እንኳ የት ከርማችሁ እንደ መጣችሁ ለሐኪም ሳትጠየቁ ተናገሩ። አጎቴን ወደ መድኃኒቱ ያደረሳቸው የአንዲት ነርስ ጥያቄ ነበር፤ ያ ጥያቄ ባይጠየቅ የኤርሊክ ጥይት ጎንደር ተቀምጦ፣ እርሳቸው እዚህ ይቀበሩ ነበር።

ባለፈው የጥምቀት በዓል አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ የዘገየውን መልስ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ያ ፈረንጅ በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ ጠየቁኝ። በ61 አልኋቸው። እርሳቸውም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ናቸው። ጥቂት አሰቡና ነፍሱን ይማር ብለው፣ በዱቤ የገዙትን አዲሱን በሬ ሊያጠጡ ወደ ወንዝ ወረዱ።